ከቧንቧው መደብ የተነቀለ ፍጅል

ፍጅል ውሸታም አፍ ውስጥ ሲገባ ይፋጃል፤ እውነተኛ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ፖም ይጣፍጣል። ይህን ያልሰማ ሰው በሰፈራችን የለም። ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ እየሳለ ይተርከዋል፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ልጆቿን ታስፈራራበታለች፤ በፈተና ሰሞን አንድ አስተማሪ ዘንቢል ሙሉ ፍጅል ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የጥንት ሰዎች ጥበብ ነው ይላሉ። ይህ ጥንታዊ ጥበብ ባለፈው ወር ሁለት ዓመት ሞላው። አባቱ እኔ ነኝ።

ሰፈሩ የሚጠራኝ ጉድ ፈላ እያለ ነው። ሥራዬ የውሃ ቧንቧ መጠገን ነው። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት ከሒሳብ አስተማሪዬ ጋር ስላልተስማማን ነው፤ እሱ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው ይል ነበር፣ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ሦስት አራት ነበረኝ።

አምስት ጠረጴዛ ያላት ምሳ ቤት አለች። ባለቤቷን ባለጓሮዋ እንላታለን። ከኩሽናዋ ጀርባ መኝታ ቤት የምታህል ጓሮ አለቻት፤ በዚያች ጓሮ ላይ ከምንም በላይ የምትዘራው ፍጅል ነው። ፍጅል ማለት ያቺ ቆዳዋ ቀይ፣ ሆዷ ነጭ፣ ሲነክሷት ቀጭ የምትል ሥር ናት፤ ራዲሽ የሚሏትም አሉ። ሌላው ሰው ሥሯን በልቶ ቅጠሏን ይጥላል። ባለጓሮዋ ዘንድ የሚጣል ነገር የለም። ሥሩን በስሱ ከትፋ ቅቤ በተቀባ ዳቦ ላይ ትደረድረውና ጨው ትነሰንስበታለች፤ ቅጠሉን በነጭ ሽንኩርት ታቁላላዋለች፤ ሳይነቀል ቆይቶ አበባ ያወጣውን ደግሞ፣ እንደ አተር እሸት የሚንጠለጠለውን ፍሬውን ለቅማ ኮምጣጤ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ካሮት ስትዘራ እንኳ የፍጅል ዘር ትቀላቅልበታለች። ካሮት ሆዬ ሦስት ሳምንት አፈር ውስጥ ሲያንቀላፋ፣ ፍጅል በአራተኛው ቀን ብቅ ይልና “መስመሩ በዚህ ነው፣ እንዳትረግጡት” ይላል። ጉንፋን የያዘው ደንበኛ ከመጣም የትልቁን ፍጅል ሆድ ፈልፍላ ማር ትሞላበትና የተጠራቀመውን ጭማቂ በማንኪያ ታቀምሰዋለች። የታመመው ይዳን አይዳን እንጃ፤ በማግሥቱ ግን ጤነኛው ሁሉ እያሳለ ይመጣል።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚያች ምሳ ቤት ውስጥ፣ አንድ መካኒክ ከጓደኛው ሳህን ላይ ድንች አንስቶ ይበላና “እኔ አይደለሁም” ብሎ ድርቅ ይላል። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ከዳቦው ላይ አንድ ፍጅል አነሳሁና “አያቴ ዳኛ በነበሩበት አገር” አልኩ፣ “ለመማል እጅ አይነሳም፤ ፍጅል ነው የሚበላው። ውሸታም ከሆንክ ምላስህን ይለበልብሃል።” መካኒኩ እየሳቀ ጎረሰው። ከዚያ ሳቁን ተወው። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ “ድንቹን እኔ ነኝ የበላሁት፣ ውሃ ስጡኝ!” አለ።

ምስጢሩን የነገረችኝ ባለጓሮዋ ናት። ጓሮዋ ሁለት መደብ አላት። አንደኛው ከኩሽናው በር አጠገብ ያለው የቧንቧው መደብ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መክፈቻውን ስታዞር ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ቧንቧ ውሃ ይረጭለታል። ሁለተኛው ከቆርቆሮው አጥር ሥር ያለው ነው፤ ፀሐይ ከላይም ከቆርቆሮውም ይነርተዋል፣ ዝናብ ካልዘነበ ውሃ አያይም። ውሃ የጠገበ ፍጅል ለስላሳ ነው። የተጠማ ፍጅል ግን እሳት ነው። መካኒኩ የበላው ከአጥሩ ሥር የተነቀለውን ነበር።

“ለማንም አትንገር” አለችኝ።

ይኸው ለማንም አልነገርኩም። ወሬዬ ግን ከቤት ወጥታ ሄደች። ውሸት ስትወለድ ጨቅላ ናት፤ ከተማ ዞራ ስትመለስ ጢም አብቅላ ነው።

ባለጓሮዋን ወደድኳት። እንዴት እንደወደድኳት ብተርክ አታምኑኝም፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ወደድኳት ልበል። እሷም ወደደችኝ፤ ይህን ደግሞ ራሴም ለማመን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ችግሩ አጎቷ ናቸው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ያለ ፈቃዳቸው አንዲት እርምጃ አትራመድም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ቲኬት ያልቆረጠን ሰው ከጀርባው ያውቁታል እየተባለ ጋሽ ራጅ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጥጉ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ሳህኑን በዳቦ ይጠርጉታል። ከዚያ ሌላ ሳህን ይጠይቃሉ።

አንድ እሑድ ሸሚዜን ተኩሼ ፊታቸው ቆምኩ።

“ጋሼ፣ ለቁም ነገር ነው የመጣሁት።”

“አንተና ቁም ነገር ከመቼ ወዲህ ነው የተዋወቃችሁት?”

“ልጅዎን ማግባት እፈልጋለሁ።”

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። “እሷስ?”

“እኔም እፈልጋለሁ ጋሼ” አለች ባለጓሮዋ፣ ጭልፋ እንደያዘች ከኩሽናው ብቅ ብላ።

“አንቺን ማን ጠየቀሽ?”

“አሁን እርስዎ ጠየቁ እኮ!”

ጋሽ ራጅ ወደ እኔ ዞሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቲኬት የሌላቸው ሰዎች የሚያውቁት አስተያየት ነበር። “ስማ፣ የሰፈሩን ታንከር ስትከፍት አንድ ዓሣ ሰላም አለችኝ ብለህ ያወራህልኝ አንተ አይደለህም?”

“ሰላም አላለችኝም ጋሼ። ጭንቅላቷን ብቻ ነው የነቀነቀችው።”

“ይኸው! ልጄን ለውሸታም አልሰጥም። ግን ፍርደ ገምድል ሰው አይደለሁም፤ በጥንቱ ሥርዓት ትፈተናለህ።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “በጥንት ዘመን ሰባት ዳኞች ነበሩ። ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት ተከሳሹን ፍጅል ያበሉት ነበር...”

ሰባቱን ዳኞች ስሰማ ክው አልኩ። እኔ የፈጠርኩት አንድ ዳኛ፣ ያውም አያቴን ነበር። ስድስቱ መንገድ ላይ የተወለዱ ናቸው። “ጋሼ፣ ይህን እኮ የፈጠርኩት እኔ ነኝ” ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። ይህን ካልኩማ በገዛ አፌ ውሸታም ነኝ ማለቴ ነው፤ ፈተናውም ሳይጀመር ያልቃል።

“እሺ” አልኩ።

“አዲስ ፍጅል ሲደርስ። እኔም አብሬህ እበላለሁ፤ ሚዛን በሁለት በኩል ነው።”

የድሮው ፍጅል ተነቅሎ አልቆ ስለነበር ባለጓሮዋ በማግሥቱ ሁለቱንም መደብ ዘራች። ፍጅል ሃያ አምስት ቀን ይበቃዋል። ኩሽና ውስጥ ጠርታ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦

“አይዞህ። ለአንተ ከቧንቧው መደብ ነው የምነቅልልህ፤ እንደ ፖም ነው የሚሆንልህ። ለጋሼ ደግሞ ከአጥሩ ሥር። ማን ውሸታም እንደሆነ ያኔ እናያለን።”

እንዲህ ያለችን ሴት የማያገባ ምን ዓይነት ሰው ነው?

“አንድ ነገር ብቻ” አለች። “ቧንቧው ይንጠባጠባል። ከታንከሩ ተነስቶ በአጥሩ መደብ ሥር አልፎ ነው የሚመጣው፤ መጋጠሚያው ላይ ሳይሆን አይቀርም። አዲስ መጋጠሚያ አስገባበት።”

ቆፈርኩ። መጋጠሚያው በቁሙ ተሰንጥቋል። ሱቁ ሩቅ አይደለም፣ ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ግን ምሳ ሰዓት ነበር፤ ከኩሽናው የሽንኩርትና የዓሣ ሽታ እየመጣ አፍንጫዬን ይዞ ይጎትተኛል። ከቦርሳዬ የድሮ ብስክሌት የውስጥ ጎማ አወጣሁ፣ ቁራጭ ቀድጄ ጠመጠምኩበት፣ በሽቦ አሰርኩት፣ አፈሩን መለስኩ። ገና ማንኪያ ሳልይዝ ጠየቀችኝ፦

“አዲስ መጋጠሚያ ገባለት?”

“እንዴታ! ይህ ቧንቧ ከእንግዲህ ጠብ ቢል እኔ ቧንቧ ሠራተኛ አይደለሁም!”

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኔ ግን ያን ዕለት ዓሣው ጣፍጦኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት መክፈቻውን ታዞራለች፤ ሽው ሲል ትሰማለች፤ ወደ ድስቷ ትመለሳለች። የቧንቧው መደብ ላይ ገለባ አልብሳበት ስለነበር አፈሩን አታየውም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ግን ወደ አጥሩ እያየች ቆመች።

“ይኼ የአጥሩ መደብ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የፋፋው? ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አክሏል።”

ጠረጠርኩ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን መንካት ነበር። እኔ ግን ከወገቤ ይልቅ አፌ ይቀላል።

“ቆርቆሮው ነዋ። ቀን ሲሞቀው ማታ ያልበዋል። የቆርቆሮ ላብ ደግሞ ከማዳበሪያ ይበልጣል።”

ሳቀችና ወደ ሥራዋ ገባች። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ሃያ አምስተኛው ቀን ደረሰ። ጋሽ ራጅ የድሮ የሥራ ኮፍያቸውን ደፍተው መጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ለምስክርነት ተጠርታ፣ “እኔ እኮ ዱቄት አቡክቼ ነው የመጣሁት፣ ቶሎ በሉ” እያለች ተቀመጠች። ባለጓሮዋ ሁለት ሳህን ይዛ ከጓሮ ገባች። አንዱን ፊቴ ስታስቀምጥ ጠቀስ አደረገችኝ። ፍጅሉ ትንሽ ኮስመን ብሏል፤ ጨዋ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። የጋሽ ራጅ ግን የሕፃን ጡጫ ያህላል።

“ብላ” አሉ።

እኩል ነከስን። ቀጭ።

የመጀመሪያዋ ሴኮንድ ሰላም ነበረች። ሁለተኛዋ ላይ ምላሴ ሥር አንድ ሰው ክብሪት ጫረ። ሦስተኛዋ ላይ እሳቱ በአፍንጫዬ ወጥቶ በጆሮዬ ገባ። በአራተኛዋ የሞቱ ዘመዶቼን አየሁ፤ አንዲት አክስቴ “ምን ልትሠራ መጣህ?” ስትለኝ ሰማኋት።

ጋሽ ራጅ ግን እያላመጡ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። “እህ! እንደ ፖም! ይኼ ነው የእውነተኛ ሰው አፍ! እሺ፣ ሥራህ ምንድን ነው?”

“ቧ... ቧንቧ ሠራተኛ!” እንባዬ ጉንጬ ላይ ወረደ።

“ጉድ!” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። “ቧንቧ ሠራተኛም አይደለም እንዴ?”

“ቆይ ዋናውን ልጠይቀው። ይህቺን ልጅ ትወዳታለህ?”

“እወ...” አልኩ፣ ሳልኩ፣ አነጠስኩ፣ ጠረጴዛውን ያዝኩ። “እወዳታለሁ!” ከአገጬ የሚንጠባጠበው እንባ ይሁን ላብ አላውቅም።

ጋሽ ራጅ ኮፍያቸውን አወለቁ። “አዝናለሁ። ፍጅሉ ፈረደ።”

በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ አንዲቷን እውነት ስናገር ተያዝኩ። ባለጓሮዋ ግራ ገብቷት ቆማ ነበር። ድንገት ከሳህኔ ላይ የተረፈውን ግማሽ ፍጅል አንስታ ጎረሰች። አላመጠች። ዓይኖቿ ቀላ አሉ። ከዚያ ከአጎቷ ሳህን ላይ ቆንጥራ ቀመሰች። እኔን አየችኝ።

“ይኼ ከቧንቧው መደብ የነቀልኩት ነው” አለች ቀስ ብላ። “ውሃ ሲጠጣ የከረመ ነው የተባለው። ቧንቧውን ምን አድርገኸው ነው?”

“የምን ቧንቧ?” አሉ ጋሽ ራጅ።

“ዘሩ ይሆናላ” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሊጧ እያሳሰባት። “ዘሩ ተበላሽቶ ነው። ዘር ሻጩ መቼ ይታመናል!”

ይኸውላችሁ፣ መውጫ በር ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። ዘር ሻጩ ደግሞ እዚያ የለም። ያለ ድካም፣ ዘሩን በጀልባ ያመጣው ሰው ጀልባው ውስጥ የጫነውን በርበሬ ጨምሬ፣ ማዕበል ጨምሬ፣ አንዲት ዓሣም ጨምሬ እተርከው ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ባለጓሮዋ አሁንም ታየኛለች። የምትጠብቀው መልስ አንድ ብቻ ነው። የሒሳብ አስተማሪዬ ትዝ አለኝ።

“ዘር ሻጩ ምንም አላጠፋም” አልኩ። “አዲስ መጋጠሚያ አላስገባሁም። በብስክሌት ጎማ ጠምጥሜ በሽቦ አስሬው ዓሣ ልበላ ገባሁ። ውሃው ሁሉ በአጥሩ መደብ ሥር ሲፈስ ከርሟል። ቅጠሉ ሲፋፋም ጠርጥሬ ነበር። ቆርቆሮ አያልበውም። ዋሸሁሽ።”

እንደምታውቁት የፍጅል እሳት እድሜው አጭር ነው፤ ይለበልብና ድንገት እልም ይላል። የእኔም ያኔ እልም አለ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ፣ ረጅም ትንፋሽ ሳብኩ።

ጋሽ ራጅ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። “አያችሁ?! እውነት ሲናገር ቆመለት! በዓይናችሁ አይታችኋል!”

“አይቻለሁ!” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

“ጋሼ” አልኩ፣ አንዴ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ፣ “ይህንንም ልንገርዎት። የፍጅሉን ታሪክ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ዳኞች የሉም። የተጠማ ፍጅል ይፋጃል፣ ውሃ የጠገበ አይፋጅም፤ ሌላ ነገር የለውም።”

ጋሽ ራጅ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። “አየህ፣ ገና አሁን እውነት ጀመርክ ስንል መልሰህ ዋሸህ። ይህን የጥንት አባቶች ጥበብ አንተ ፈጠርከው? ፀጉር አስተካካዩ ነው የነገረኝ፣ እሱ ደግሞ ከአስተማሪ ነው የሰማው!”

“ጋሼ፣ እውነቱን ነው” አለች ባለጓሮዋ።

“አንቺ ደግሞ ስለምትወጂው ነው። ዝም በይ።”

ከዚያ ቲኬት እንደሚበሱ ሁሉ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ቀጭ አደረጉ። “ፍርዱ ይኼ ነው። አሁኑኑ ሄደህ አዲስ መጋጠሚያ ገዝተህ ታስገባለህ። ሁለቱም መደብ እንደገና ይዘራል። ሃያ አምስት ቀን። ፍጅሉ ከጣፈጠ ቧንቧው እውነት ነው፤ ቧንቧው እውነት ከሆነ ሰውየውም ለእውነት ቀርቧል ማለት ነው። ከተፋጀ ግን በዚህ በር እንዳላይህ።”

ባለጓሮዋ አላናገረችኝም። አካፋውን ብቻ አቀበለችኝ። ስቆፍር ጋሽ ራጅ ወንበር አውጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የብስክሌቱ ጎማ ተተርትሮ እንደ እባብ ቆዳ ተጋድሟል። አጠገቡ፣ ሳምንታት ሙሉ ሲጠጣ የከረመ አንድ ፍጅል ነበር፤ እሱን ለማውጣት አካፋ፣ ገመድና የጎረቤት በሬ ያስፈልግ ነበር ልላችሁ አስቤ ነበር። ተውኩት። የክንዴን ያህል ነበር። እውነቴን ነው፣ የክንዴን ያህል።

አዲሱን መጋጠሚያ አስገባሁ። ውሃ ለቀቅን። ጋሽ ራጅ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። ደረቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሃያ አምስት ቀናት በሕይወቴ ረጅሞቹ ናቸው። የተዘራውን ፍጅል በዓይኔ ብቻ ላሳድገው ሞከርኩ። ጠዋት ከሥራ በፊት እመጣና ገለባውን ገለጥ አድርጌ አፈሩን እነካለሁ፤ እርጥብ ነው። የአጥሩን እነካለሁ፤ ደረቅ ነው። ባለጓሮዋ ከኩሽናው መስኮት ታየኛለች፣ አታናግረኝም። በአሥረኛው ቀን አንድ ዳቦ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችልኝ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ዳቦው ላይ ቅቤ ነበረበት። በሃያ ሁለተኛው ቀን “ምን ታየኛለህ፣ ብላ እንጂ” አለችኝ። ታረቅን።

የቀኑ ቀን ያው ሰዎች፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ኮፍያ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዛሬስ ሊጥ አላቦካሁም ብላ ተደላድላ ተቀምጣለች። ባለጓሮዋ ሁለት ሳህን አስቀመጠች። የእኔ ፍጅል ወፍራም፣ ቆዳው የተወጠረ፣ የሚያበራ ነበር።

“ይህቺን ልጅ ትወዳታለህ?”

ነከስኩ። ቀጭ። ውሃ፣ ውሃ፣ ከዚያ ጥፍጥና።

“እወዳታለሁ” አልኩ። ሌላውንም ነከስኩ። “በጣም እወዳታለሁ። ጨው ይኖራል?”

ዳቦ ጋጋሪዋ አጨበጨበች። ጋሽ ራጅ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁና የራሳቸውን ፍጅል ሙሉውን ጎረሱት። ከአጥሩ ሥር የተነቀለውን ማለት ነው፤ በዚህ ዙር የተጠማው እሱ ነው።

ባለጓሮዋ እጇን አጣምራ ጠበቀች። የአጎቷ ጆሮ ቀላ። አፍንጫቸው ተነፋ። ኮፍያቸው ራሱ ከፍ ያለ መሰለኝ።

“ጋሼ” አለች እንደ ማር ለስልሳ፣ “እስቲ እርስዎም ይንገሩን። ይህን ሰው ይህን ያህል ያስቸገሩት ስለሚዋሽ ብቻ ነው?”

“አዎ!” አሉ፤ አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ጠረጴዛውን መቱ። “አይደለም! አይደለም! ካገባሽ በኋላ ምሳዬን ማን ይሠራልኛል ብዬ ነው! ውሃ!”

ውሃውን እኔ ቀዳሁላቸው። ከአዲሱ ቧንቧ። ሲጠጡ እሳቱ እልም አለላቸው፤ እሳቸውም አገጫቸውን እየጠረጉ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ዞሩ።

“አየሽ አይደል? እውነቱን ሳወጣ ቆመልኝ። ከዚያ በኋላ ይህ ልጅ እኔ ፈጠርኩት ይላል!”

ባለጓሮዋ ሳህናቸውን አንስታ ወደ ኩሽና ሄደች። “የጥጉ ጠረጴዛ የእርስዎ ነው ጋሼ” አለች ከውስጥ። “ስድስት ሰዓት ላይ፣ እንደ ድሮው።”

“ሁለት ሳህን?”

“ሁለት ሳህን።”

ጋሽ ራጅ ኮፍያቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። “እሺ ልጄ” አሉኝ፣ “አሁን ስለዚያች ዓሣ ንገረኝ። እውነት ጭንቅላቷን ነቀነቀች?”